የራጁ መብራት

በነጌሌ ሰው ራጅ ሲነሳ ይሻለዋል። ለቀልድ አይደለም የምለው። ከፊልቱ በኩል፣ ከዋደራ መንገድ፣ ከገናሌ ወንዝ ዳር ታማሚ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ሐኪም ፊት ቀርበው መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው፤ «መብራቱ ውስጥ ያስገቡልን» ይላሉ። ክኒን ቢሰጧቸው ይቀበላሉ፣ መርፌም ይወጋሉ፤ ራጅ ሳይነሱ ከተመለሱ ግን የታከሙ አይመስላቸውም። ከክፍሉ ሲወጡ ጀርባቸው ቀና፣ ፊታቸው ፈታ ብሎ ነው።

ጉራቻ የሚባሉ ሽማግሌ ትዝ ይሉኛል። ልጆቻቸው ግራና ቀኝ ደግፈው አምጥተዋቸው ከራጁ ክፍል በገዛ እግራቸው ወጡ። «ፈዬራ!» አሉ፤ ድኛለሁ ማለታቸው ነው። የራጅ ባለሙያው ከኋላቸው እየተከተለ «አባ፣ ኩን ኢላሉዳ፣ ቆሪቻ ሚቲ» ይላቸዋል፤ ይሄ ማየት ነው፣ መድኃኒት አይደለም። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ዞር አሉና፣

«አንተ ልጅ፣ የሰጠኸኝን መልሰህ ልትቀማኝ ነው?» አሉት።

ያ ባለሙያ ፋዲል ዓብዱሰመድ ነው። የማወራውም ስለሱ ነው።

እኔ በዚህ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳስተምር ተማሪዬ ነበር። አባቱ ዓብዱሰመድ ከሞያሌ ስኳርና ጣቃ እያስጫነ የሚነግድ ሰው ነበር፤ ልጁን ሱቅ ሊያወርሰው ይመኝ ነበር። ልጁ ግን ሱቅ ውስጥ በቆመበት ክረምት ስኳር ልትገዛ ለመጣች ሴት «ከታች ያለው ረጥቧል፣ ሌላ ቦታ ግዢ» ብሎ አሰናበታት። ዓብዱሰመድ ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። «ጋሽ ኃይሌ፣ ይሄ ልጅ ለንግድ አልተፈጠረም፤ እባክዎ የሆነ ትምህርት ይፈልጉለት» አለኝ። መንግሥት በተለወጠ ማግስት ጤና ትምህርት ቤት ገባ፣ ራጅ ተማረ፣ ተመለሰ። መጀመሪያ በመንግሥት ቤት፣ በኋላ ከገበያው ጀርባ በተከፈተ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ፣ ዕድሜውን በሙሉ የሰው ደረት ሲያይ ኖረ።

ያን ሁሉ ጊዜ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ይነግር ነበር። ከማሽኑ ራስ ላይ አንዲት አምፖል አለች። ደረት ላይ አራት ማዕዘን ብርሃን ትጥላለች፤ ጨረሩ የት እንደሚያርፍ ማነጣጠሪያ ናት፣ ሌላ ሥራ የላትም። ጨረሩ ራሱ አይታይም፣ አይሰማም፣ አያሞቅም። ተነሺው የሚያየው ግን ያቺን ብርሃን ነው። ስለዚህ ምስጋናው ሁሉ ለእሷ ነው። ፋዲል በአማርኛም በኦሮምኛም ያስረዳል፤ ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማውና ወጥቶ «መብራቱ እንዴት ግሩም ነው!» ይላል። አንዳንዱማ ይህን ማስረዳት እንደ ስስት ቆጠረበት። ብርሃኑ እንዳይባክንበት የሰጋ አስመሰለው።

ሚስቱ በድሪያ የሞያሌ ልጅ ናት። በገበያው መግቢያ ሽቲ ቀሚስና ሻሽ ትሸጣለች። ከሥራ በኋላ ፋዲልና እኔ ከሱቋ ደጃፍ ባለች አግዳሚ ላይ ተቀምጠን የግመል ወተት ያለበት ሻይ እንጠጣ ነበር። በዚያ አግዳሚ ላይ ስለ ብዙ ነገር አስበናል፤ ማለቴ እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይሰማል፣ በድሪያ ታቋርጠናለች።

«ጋሼ፣ ይሄን ሰውዬ ምን ብለው ነው ያስተማሩት?» ትለኛለች። «ዛሬ አንዷ መጥታ ‹ይሄ ቀለም ያምርብኛል ወይ?› ብትለው ‹ላኪ፣ ይቅርብሽ፣ ያጠቁርሻል› አላት። ወላሂ! የያዘችውን ጥላልኝ ሄደች።»

«አጥቁሯት ነበራ!» ይላል ፋዲል።

«ያንተ ሥራ አጥንት ማየት ነው። ቆዳውን ለኔ ተውልኝ!»

ደግሞ ሌላ ቀን፣ «ነጌሌን በሙሉ ስታበራ እኔን አንድ ቀን አላበራህልኝም» ትለዋለች።

«ምንሽ ታሞ?»

«አምሮኝስ ቢሆን?»

«ጨረር ለአምሮት አይሰጥም።»

«አዩልኝ ጋሼ! አንድ ሽቲ ብለምነውም እንዲሁ ነው የሚመልሰው።»

ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ሰው ደስታው ውስጥ ሆኖ ደስታው መሆኑን የሚያውቅበት ብልሃት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ፍልስፍና የተማርኩት እኔም አላገኘሁትም።

ኮሮና ወደ ቆላው ዘግይቶ ነው የመጣው። በመጀመሪያው ዓመት በራዲዮ እንሰማዋለን እንጂ አናየውም ነበር፤ ማስክ የሚያደርገው ባንክ የሚገባ ሰው ብቻ ነው። በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት መጋቢት ላይ ግን ፋዲል አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ከኔ ራቅ ማለት ጀመረ። «ጋሼ፣ አይቅረቡኝ» አለኝ። «ሳንባዎቹ ነጭ እየሆኑ ነው። በመስታወት ላይ ሲተነፍሱበት እንደሚደበዝዘው፣ እንደዚያ ሆነው ነው የሚመጡት። ሁለቱም በኩል።»

አንድ ጎረቤታችን በዚያ ሰሞን ሐዋሳ ሄዳ ነበር፣ ኦክስጅን ፍለጋ። በፕላስቲክ ተጠቅልላ ተመለሰች። ሬሳዋን ያመጡት ሰዎች ከራስ እስከ እግር ነጭ ለብሰው ነበር፤ ሳትታጠብ፣ ሳይገልጧት ቀበሯት። በድሪያ ከሩቅ ሆና አይታለች። ከዚያ ቀን ወዲህ «ሐዋሳ» የሚለው ስም በሷ ፊት አይጠራም።

እሷም ከሞያሌ ዕቃ ጭና በተመለሰች በሳምንቱ ሳል ጀመራት። አቧራ ነው አለች። ትኩሳቱን የጉዞ ድካም ነው አለች። አንድ ጠዋት ከአልጋዋ እስከ በሩ ሄዳ ግድግዳ ይዛ ቆመች። ፋዲል አንስቶ ክሊኒክ ወሰዳትና፣ በትዳራቸው ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ደረቷን በራጅ አነሳ።

ፊልሙን ራሱ ነው ያጠበው። የወጣቱ ሐኪም የዶክተር አምሀ ዓይን ሳያርፍበት፣ እሱ ጨርሶ አይቶት ነበር።

ዶክተር አምሀ አልደበቀም። «ጋሽ ፋዲል፣ እኛ ጋ ያለችው የኦክስጅን ማሽን አንዲት ናት፤ መብራት ሲጠፋ እሷም ትጠፋለች። ሐዋሳ መሄድ አለባት። ደውዬ ቦታ አገኝላታለሁ። ኢፋ የሚባለው ባለመኪና አለ፣ ሲሊንደር ይጫናል። ግን ቶሎ።»

በድሪያ አልሄድም አለች። «እዚያ የሚሄደው ሰው በሰው እጅ አይመለስም» አለች። ሴት ልጃቸው ሉብና፣ ኮሌጁ በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ቤት የመለሳት፣ እግሯ ሥር ተቀምጣ ለመነቻት። «ማሎ፣ እማ!» በድሪያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

በዚያ ከሰዓት ፋዲል ቤቴ መጣ። ደጅ ላይ ቆሞ ስልኩን በወንበር ላይ አስቀመጠልኝና ራቅ አለ።

«ጋሼ፣ ይሄን ያንብቡልኝ። በትክክል አንብቤው እንደሆነ ልወቅ።»

አብሮት የተማረ ጓደኛው በቴሌግራም የላከለት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበር። ባለፈው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ዛሬ የምናውቃቸው መድኃኒቶች ሳይገኙ፣ የሳንባ ምች የያዘውን ሰው ደረት ጥቂት ጨረር የሚያሳርፉበት ሐኪሞች ነበሩ ይላል፤ ትንፋሹ ቶሎ ቀለል እንደሚለው ጽፈዋል። መድኃኒቱ ሲመጣ ነገሩ ተረሳ። አሁን ደግሞ በአንዳንድ አገር፣ በኮሮና ሳንባቸው የተጎዳ ጥቂት አረጋውያን በካንሰር መታከሚያው ማሽን አንድ ጊዜ፣ አነስ ያለ ጨረር እየተሰጣቸው ነው። አንዳንዶቹ የተሻላቸው ይመስላል። ግን ጥቂት ናቸው፤ ያለ ጨረሩም ይሻላቸው እንደሆነ ማንም ገና አያውቅም።

«ቫይረሱን ይገድላል ነው የሚለው?» አልኩት።

«አይገድልም። የሚያቃጥላት ቫይረሱ ብቻ አይደለም፣ የራሷ ሰውነት ነው። ሊያባርረው ብሎ ቤቱን አብሮ ያቃጥላል። ትንሽ ጨረር ያን እሳት ያበርደዋል ነው ሐሳቡ።»

«ታዲያ ያንተ ማሽንስ?»

ይህን ጥያቄ እየጠበቀ የመጣ ይመስለኛል። መልሱን ለኔ ሳይሆን ለራሱ ነበር የሚናገረው።

«የኔ ለማየት ነው የተሠራው። እነሱ የሰጡትን ያህል ለመስጠት በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ማንሳት አለብኝ። ማሽኑ ከዚያ በፊት ይቃጠላል። እሱ ባይቃጠል የሷ ቆዳ ይቃጠላል፤ የኔ ጨረር ደካማ ስለሆነ አብዛኛው ላዩ ላይ ነው የሚቀረው። የነሱ ዓይነት ማሽን አዲስ አበባ ነው ያለው፤ የካንሰር ሰዎች ወረፋ ይዘው ወራት የሚጠብቁት እሱን ነው። ማን ለሳንባ ምች ያበራላታል? ደግሞ አዲስ አበባ የምትደርስ ከሆነ፣ ሐዋሳ ኦክስጅኑ ጋ ቀድማ ትደርሳለች።»

ስልኩን አነሳና አልሄደም።

«ጋሼ፣ ስንቱን ሰው ‹አያድንም› ብዬ መለስኩ» አለ።

ምን እላለሁ? ያልተሳሳተ ሰው ነው። እሱ የካደው ጉራቻ ያመኑትን ነው፤ ጉራቻ ያመኑት ደግሞ አምፖሏን ነው። ሌላ አገር፣ በሌላ ማሽን፣ በሌላ መጠን የሚሞከረው ነገር ከዚያች አምፖል ጋር ዝምድና የለውም። ይህን ሁሉ ልነግረው እችል ነበር፤ እሱም ከኔ በላይ ያውቀዋል። ግን ሚስቱ የታመመችበት ሰው የሚያውቀው ነገር ሁሉ በሆነ ጥግ ይሸነቆራል። በዚያች ሽንቁር ተስፋ ይገባል። ተስፋ ስል የምስራች ማለቴ አይደለም። በዚህ ዕድሜዬ ተስፋን ከበሽታዎቹ ጋር ነው የምቆጥረው።

ጽሑፉን ሉብናም ከስልኩ ላይ አንብባው ኖሯል። ለእናቷ የነገረቻት እሷ ናት፤ ልጅ ናት፣ እናቷ እየሞተችባት ነው፣ ያገኘችውን ነው የነገረቻት።

በማግስቱ ጠዋት ልጠይቃት ሄጄ በራፉ ላይ በማስክ ቆሜ ነበር። በድሪያ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። በሁለት ቃል መሐል ታርፋለች፤ ቀልዷን ግን አልተወችም።

«ጋሼ፣ አካም?... ሰሙልኝ? የዚህ ሰውዬ መብራት... መድኃኒት ነው ለካ!»

«በድሪያ፣ የኔ አይደለም ያ» አለ ፋዲል። «ሌላ ማሽን ነው።»

«ፈረንጆቹ ጻፉት... እኛ ድሮ የምናውቀውን። የባላገሩን ሁሉ ደረት አበራህ። የሚስትህ... ምን ያንሰዋል?»

«ስሚኝ። ሐዋሳ ኦክስጅን አለ። እሱ ነው የሚረዳሽ።»

ትክ ብላ አየችው። ነጋዴ ናት፤ ዋጋ ልትቆርጥ ስትል የምታደርገው ፊት ነበር።

«እንዋዋል» አለች። «አብራልኝ። ካልተሻለኝ ሐዋሳ እሄዳለሁ። በኢፋ መኪና ብትለኝ... በግመል ብትለኝ፣ እሄዳለሁ። ከተሻለኝ ግን... ስሙን አታነሳብኝም።»

ሉብና «አባ፣ እሺ በላት» አለች። ፋዲል እኔን አየኝ፣ ልጁን አየ፣ ከዚያ «እሺ» አለ።

የቀረውን የነገረኝ በኋላ ራሱ ነው። ለአንዲት ሴት፣ ምንም የማይጠቅማትን ጨረር ሊሰጣት አልቻለም፤ በከንቱ የሚሰጥ ጨረር ጉዳት ነው ብሎ ያስተማረ ሰው ነው። መሄዷን ግን ይፈልገዋል። ውሉን እንደዚህ አሰበው፤ አምፖሏን አበራላታለሁ፣ አይሻላትም፣ ቃሏን ትጠብቃለች፣ ኢፋ ይዟት ይሄዳል። ውሸቱ ግማሽ ቀን ብቻ ነው የሚቆየው ብሎ አሰበ።

ክሊኒክ ወስዶ የራጁ ጠረጴዛ ላይ አስተኛት። ብርሃኑን ከአንገቷ እስከ ጎድኖቿ አሰፋው። ከመከለያው ጀርባ ገባ። የማሽኑ ቁልፍ ሁለት ደረጃ አለው፤ ግማሹን ሲጫኑት ውስጡ ያለው ይሽከረከርና ይጮኻል፣ ጨረር የሚወጣው እስከ መጨረሻው ሲጫኑት ነው። ፋዲል ግማሹን ተጫነና ለቀቀ። ደጋገመው። ከመስኮቱ ሲያያት ዓይኗን ጨፍና እጇን ከብርሃኑ ጠርዝ ላይ አድርጋ ነበር፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ታደርጋለች።

ያላሰበው ነገር ግን መጣ፤ ተሻላት።

ልክ ነው፣ ተሻላት። ቀትር ላይ ቤቷ ተመልሳ ሻይ ጠየቀች። ትራሶቿን አስነስታ ቁጭ አለች፤ ሉብናን የሱቁን መጋረጃ ለምን አላጠብሽም ብላ ተቆጣቻት። ፊቷ ተፈታ። ዶክተር አምሀ መጥቶ ጣቷ ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ አደረገላት፣ ቁጥሩን አየ፣ አውልቆ በሌላ ጣት ደገመ። ፋዲልን ወደ ደጅ ጠራው፤ እኔም እዚያ ነበርኩ።

«ከጠዋቱ ወርዷል። እንዲህ ወርዶ ማውራቷ አይግረምዎት፤ ይሄ በሽታ እንደዚህ ነው። ሰውዬው ደህና ነኝ እያለ ነው ኦክስጅኑ የሚያልቅበት። አሁን ካልሄደች ነገ መንገዱን አትችለውም።»

ኢፋ መኪናውን ደጃፉ ላይ አቁሟል። «ጋሽ ፋዲል፣ የሞላው ሲሊንደር አንድ ነው» አለ። «ክሊኒክ የተኛው የዋደራው ሹፌር ወንድሞች እየጠበቁኝ ነው፤ ለሷ ብዬ ነው ያቆየኋቸው። መንገዱ ሲመሽ አያስተማምንም፣ አዶላን በቀን ማለፍ አለብኝ።»

ፋዲል ገባ።

«በድሪያ፣ ተነሺ። መኪናው መጥቷል።»

«ውሉስ?»

«ቁጥሩ ወርዷል።»

«ታዲያ ቁጥሩን ይውሰዱት ሐዋሳ! እኔ ተሽሎኛል።» ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነ። «ካልተሻለኝ አልኩ እንጂ... ቁጥሩ ካልተሻለው አልኩህ?»

አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። በዚህ ሰውዬ ፊት ላይ ሐፍረት አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያኔ አየሁ።

«አላበራሁልሽም» አለ። «ያየሽው አምፖል ነው። ጨረር አልለቀቅኩም። ሻይ ቤት የሚንጠለጠል ዓይነት አምፖል ነው፣ ወላሂ፣ ምንም አልሰጠሁሽም። የተሻለሽ የመሰለሽ በሽታው ስለሚያታልል ነው።»

በድሪያ ብዙ አየችው። ከዚያ በርኅራኄ፣ ልክ ሕፃን ልጅ እንደሚያዩት፣ ፈገግ አለች።

«አይ ፋዲል። ውሸት... አይሆንልህም እኮ! ሱቄን ለኪሳራ ዳርገኸው... አንድ ውሸት ያልዋሸህ ሰውዬ፣ ዛሬ መኪና ላይ ልትጭነኝ ትዋሻለህ? ማሽኑ ሲጮህ ሰምቻለሁ። ደረቴን ሲሞቀኝ ነበር።»

«የአምፖሉ ሙቀት ነው!»

«ተው። አያምርብህም።» ወደኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ይንገሩት። ተማሪዎት አይደል? ውሸት አላስተማሩትም።»

እኔ «በድሪያ፣ እውነቱን ነው፤ ሂጂ» አልኳት። «እርስዎንም አስተባበረዎት!» ብላ ሳቀች፤ እኛን ግን አላሳቀንም። ሉብና ከአባቷ ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ወደ አባቷ ታያለች፤ የትኛው እውነት እንደሆነ ሳይሆን የትኛው ቢሆን እንደሚሻላት የምትመርጥ ትመስል ነበር። ፋዲል ሊያነሳት እጁን ከጀርባዋ ሥር አስገባ። በድሪያ የአልጋውን ብረት ያዘች፣ መታገሉ ትንፋሿን ነጠቃት፣ ከንፈሯ ጠቆረ። ዶክተር አምሀ «ይልቀቋት! ይልቀቋት!» አለ። ለቀቃት።

ኢፋ ከደጅ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፋ። ከዚያ መኪናው ሲነሳ ሰማን። የዋደራው ሹፌር በኋላ ድኖ መመለሱን ሰምቻለሁ፤ እንኳን ዳነ።

ክሊኒክ አስገቧት። አንዲቷ የኦክስጅን ማሽን ተሰካችላት፤ መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ጄነሬተሩ ይነሳል፣ ይቆማል። በማግስቱ ጠዋት ያ ፈታ ብሎ የነበረው ፊቷ አልነበረም። ሳቁም አልነበረም። ፋዲልን በጣቷ ጠራችውና ጆሮውን አስጠጋ።

«ድገምልኝ» አለችው። «አንዴ ብቻ። ማሎ።»

የራጁ ክፍል ከአልጋዋ አጠገብ፣ ከአንድ ግድግዳ ወዲያ ነው። ማስተኛ አልጋው ጎማ አለው። መግፋት ብቻ ነበር።

«አልደግምም» አላት። «ምንም አልነበረም በድሪያ። አልዋሽሽም።»

ብዙ ጊዜ ይህን አስቤዋለሁ። ትናንት የዋሸው ሊያድናት ነው፣ ዛሬ እውነቱን የያዘው ውሸቱ ስለገደላት ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ያሰበው ለሷ ነበር። ትናንት እውነቱን፣ ዛሬ ውሸቱን ቢሰጣት ኖሮ፣ ምናልባት ወይ በሕይወት ትኖር፣ ወይ በሰላም ትሄድ ነበር። ቅን ሰው ውሸትን የሚጠቀምባት እንደ ባዕድ መሣሪያ ነው፤ የት እንደሚይዛት አያውቅም። ትምህርቴ ሁሉ፣ ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ፣ ስለ እውነት ብዙ ይላሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ ለቆመ ሰው የሚሆን አንድ መስመር የላቸውም።

በድሪያ ዓይኗን ከሱ ላይ አንስታ ጣሪያው ላይ አደረገች። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችውም። ቀትር ሳይደርስ ሞተች።

ሉብና ብቻዋን አጠበቻት። ጓንት ደርባ፣ በር ዘግታ፣ የረዳት ሴት የለም፤ ሁሉም ፈርቶ ከግቢው ውጭ ቆሟል። መቃብሩ ላይ ያ ሁሉ ሰው መቆም ሲገባው ጥቂቱ ብቻ ቆመ። ሮመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው።

ከዚያ የከተማው ሰው መምጣት ጀመረ። ወሬው ዞሯል፤ በድሪያ መብራት ገብታ ተነስታ ሻይ ጠጥታለች፣ ስቃለች፣ ሁለተኛውን ከልክሏት ነው የሞተችው። ክሊኒኩ በር ላይ ይሰለፋሉ። «ሁለቱንም ጊዜ ይስጠን፤ እንደ ሚስቱ አንዱን አያስቀርብን» ይላሉ። ፋዲል ወጥቶ «አምፖል ነው» ይላቸዋል፤ በአማርኛ ይላል፣ በኦሮምኛ ይላል። አንዲት ሴት «ለሚስቱ የነፈገ ለኛ ይሰጠናል?» ብላ ሳል የያዘው ልጇን አዝላ ተመለሰች። ሰምቷታል።

በሮመዳኑ መሐል አንድ ከሰዓት አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ሉብና የተዘጋውን ሱቅ ከፍታ ጣቃዎቹን እየቆጠረች ነበር። ድንገት ሥራዋን አቆመችና አባቷ ፊት መጥታ ቆመች።

«አባ፣ ሁለተኛውን ለምን ከለከልካት?»

«ልጄ፣ ነግሬሻለሁ እኮ።»

«ነግረኸኛል። ሰዉ ሁሉ ነገረኝ። እኔ ለምን እንደሆነ ነው የጠየቅኩህ።»

ተነሳ። እጇን ይዞ ክሊኒክ ወሰዳት፤ እኔም ተከተልኩ፣ እንዳልከተል አላለኝም። ራጁ ክፍል ገብተን መብራቱን አበራ። ነጭ አራት ማዕዘን ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ሄዶ ከመከለያው ጀርባ ቁልፉን ግማሽ ተጫነ፣ ማሽኑ ጮኸ፣ ለቀቀው። ቁልፉን አሳያት፤ እስከዚህ ድረስ ነው የተጫንኩት፣ ጨረሩ የሚወጣው እዚህ ሲደርስ ነው። ከዚያ የአምፖሏን መክደኛ በመፍቻ ፈታና አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ተራ አምፖል ነበረች፣ ጫፏ የጠቆረ።

ሉብና አምፖሏን ብዙ ጊዜ አገላብጣ አየቻት። ፋዲል ፊቷን ይጠብቅ ነበር። ይህን ካመነችው ቢያንስ አንድ ሰው፣ ልጁ፣ ለእናቷ መድኃኒት የነፈገ ሰው አድርጋ አታየውም። ለዚህ ነበር ያመጣት።

አመነችው። ፊቷ ላይ አየሁት።

«እናቴ ዱዓ ያደረገችው በዚህ ሥር ነው?» አለች።

«አዎ።»

«ስለዚህ ምንም አልሰጠሃትም ማለት ነው። በመጀመሪያውም።»

ፋዲል አምፖሏን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

አምፖሏን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ከኢድ በኋላ የሱቁን ዕቃ በሙሉ ጠቅልላ ወደ እናቷ ዘመዶች ሞያሌ ሄደች። ጣቃዎቹን አውቶብሱ ላይ የጫነላት ፋዲል ነው። አሁንም በየምሽቱ ይደውላል። ታነሳለች፤ «ናጋ» ትላለች፣ ሰላም ነው ማለቷ ነው፣ ከዚያ ስልኩን ለአክስቷ ትሰጣለች።